ሄልሜቱን ገልብጠው ይዩት

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወርደው መንገድ ጠዋት ጠዋት የሚያልፉትን ሞተሮች ልብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር አይሰወረውም። ነጂው ሄልሜት አድርጓል። ከኋላው የተቀመጠው ግን ወይ ራሱ ባዶ ነው፣ ወይ ቢጫ የሳይት ሄልሜት ደፍቷል። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የግንባታ ሰፈር ስለሆነ ቢጫው ሄልሜት በየቤቱ አይጠፋም፤ የትራፊክ ፖሊስ እንዳያስቆም ተብሎ ይደፋና ጉዞ ይቀጥላል።

የሳይት ሄልሜት የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ ወይም ብሎን ነው። ውስጡ ያለው የቀበቶ መረብ ዕቃው አናት ላይ ሲያርፍ ምቱን ያበርዳል፤ ጆሮ ግንድን፣ ማጅራትንና ግንባርን ግን አይሸፍንም። ሞተር ሲወድቅ ራስ አስፋልቱን የሚያገኘው ደግሞ በአብዛኛው በጎን፣ በግንባር ወይም በአገጭ ነው። ከዚያም በላይ አገጭ ሥር የሚይዘው ጠንካራ ማሰሪያ ስለሌለው ገና ሰውየው መሬት ሳይደርስ ሄልሜቱ ቀድሞት ይበራል። ሁለቱ ዕቃዎች ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል ብሎ ማሰብ በየዕለቱ የምናየው አደገኛ ስህተት ነው።

ታዲያ የሞተር ሄልሜት ውስጡ ምን አለ? ከውጭ የሚያብረቀርቀው ቅርፊት ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን ፋይበር ይሠራል። ሥራው ምቱን በሰፊ ቦታ መበተንና ሹል ነገር እንዳይዘልቅ መከልከል ነው። ራስን የሚነካው ስፖንጅ ለምቾትና ለልክ ነው። ሕይወት የሚያተርፈው በሁለቱ መካከል የተደበቀው ነጭ ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ስንገዛ ከካርቶኑ የሚወጣው ዓይነት። ራስ ሲመታ ፎሙ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ደግሞ ራስ በቅጽበት ድርቅ ብሎ ከመቆም ይልቅ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል እየዘገየ ይቆማል። አንጎል ከራስ ቅሉ ጋር ተላትሞ እንዳይደማ የሚያደርገው ይህች ትንሽ ርቀት ናት። ፎሙ የሌለው ሄልሜት ቅርፊቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር ምቱን እንዳለ ወደ ራስ ያሳልፋል።

ይህ እውቀት የመጣው በብዙ ሰው ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዓመት፣ የዐረቢያው ሎረንስ በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ መኮንን ብስክሌት ከሚነዱ ሁለት ልጆች ለመሸሽ ሲል ከሞተሩ ወደቀ። ሄልሜት አልነበረውም። ስድስት ቀን ራሱን ስቶ ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነገሩን እዚያ አልተወውም። የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ጀመረ፤ ኢትዮጵያ ነፃ በወጣችበት በ1941 እ.ኤ.አ. ውጤቱን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞቹ ያለ ሄልሜት ሞተር እንዳይነዱ አዘዘ። የዛሬውን የሚጨፈለቅ ውስጠኛ ሽፋን ያስተዋወቁት ደግሞ ሎምባርድና ሮት የተባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኙት በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ፒት ስኔል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ተወዳዳሪ በ1956 እ.ኤ.አ. በራስ ጉዳት ሲሞት፣ ወዳጆቹ በዓመቱ በስሙ የስኔል ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። ድርጅቱ እስከ ዛሬ ሄልሜት እየሰበረ ይፈትናል።

የመፈተኛው መንገድ ቀላል ነው። ሄልሜቱን የብረት ራስ ላይ አድርገው ከከፍታ ይለቁታል፤ ብረቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ የብረቱ ራስ ምን ያህል በድንገት እንደቆመ ይለካል። በአውሮፓው ደረጃ፣ ኢ.ሲ.ኢ. 22.05 በሚባለው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 7.5 ሜትር ነበር፤ ከ2.9 ሜትር ገደማ እንደመውደቅ ነው። አዲሱ 22.06 ወደ 8.2 ሜትር ከፍ አድርጎታል፤ ከዚህም ሌላ በ45 ዲግሪ በተዘነበለ ብረት ላይ እየወደቀ አንጎልን የሚያዞረው ኃይል እንዲለካ ጨምሯል። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ራስ ቀጥ ብሎ ሲመታ ሳይሆን ሲጠመዘዝ ስለሆነ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

በሰከንድ 8.2 ሜትር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቁጥሩን የሰማ ሞተረኛ «እኔ በ80 ነው የምነዳው፤ ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሞተር የወደቀ ሰው ወደፊት ያለውን ፍጥነት በአብዛኛው አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ ይጨርሰዋል። ራስን የሚሰብረው ወደ መሬት የሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ እሱ ደግሞ በወደቀበት ከፍታ ይወሰናል። ችግሩ በመንገዱ ላይ የቆመ ነገር ሲኖር ነው። የቃሊቲ መንገድ የጅቡቲ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚያልፉበት፣ የጉምሩክ መኪኖች የሚሰለፉበት መንገድ ነው። ከቆመ ተሳቢ ጋር በ80 ለተጋጨ ሰው ተጨፍልቆ የሚያድነው ሄልሜት እስካሁን አልተሠራም። ሄልሜት የሚያድነው የሚቻለውን ነው፤ የሚቻለውም ትንሽ አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አጣምሮ የመረመረው የኮክረን ግምገማ ሄልሜት የሞተረኞችን ሞት በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። በራፉ ላይ ሄልሜቶች እንደ ዛላ ተንጠልጥለዋል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው» ይላል፤ ገዢው ቀለሙን ያያል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ይከራከራል። እኔ የምመክረው ዋጋ ሳይጠየቅ በፊት ሄልሜቱን መገልበጥ ነው። የውስጡን ጨርቅ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ነጩ ወይም ጥቁሩ ፎም መታየት አለበት፤ ውፍረቱም ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሁን። ስፖንጁን ሲጫኑት ጣትዎ ቀጥታ ፕላስቲክ ከነካ ያ ዕቃ ለፎቶ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ቀጥሎ ማሰሪያውን ይመልከቱ። የአውሮፓውን ፈተና ያለፈ ሄልሜት ምልክቱ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ ነው፤ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና የፈቀደው አገር ቁጥር ይኖረዋል። 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 9 ስፔን ነው። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ06 ከጀመረ አዲሱን ፈተና ያለፈ ነው፤ በ05 ከጀመረ የቀድሞውን።

ከኋላው የሚለጠፈው «ዲ.ኦ.ቲ.» የሚለው የአሜሪካ ምልክት ብቻውን አያስተማምንም። በአሜሪካ ሕግ ምልክቱን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት ቀድሞ አይፈትንም፣ ገበያ ከገባ በኋላ ናሙና አንስቶ ነው የሚመረምረው። የታተመ ስቲከር ደግሞ ማንም ሊለጥፍ ይችላል። ወደ እኛ የሚመጣው ብዙው ዕቃ የቻይናና የሕንድ ስለሆነ የእነሱንም ምልክት ማወቅ ይበጃል። የቻይናው ጂ.ቢ. 811 ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄልሜትን በሁለት ይከፍላል፦ የላቲኑ «ኤ» ለሞተር፣ «ቢ» ለኤሌክትሪክ ብስክሌት። በሰዓት 70 በሚሄድ ሞተር ላይ «ቢ» የተጻፈበትን ማድረግ አይገባም። ሕንዶች በአይ.ኤስ. 4151 የተፈተነ ሄልሜት ላይ «አይ.ኤስ.አይ.» የሚል ምልክት ያደርጋሉ፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለዚህ ምልክት በአገራቸው መሸጥ ተከልክሏል።

ፊት የሚሸፍነው ይሻላል ወይስ ክፍቱ? በዚህ ላይ መሐል መንገድ የለኝም። ዲትማር ኦተ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በእውነተኛ አደጋ የተመቱ ሄልሜቶችን መርምሮ ከምቶቹ ሲሶ ያህሉ አገጭ አካባቢ እንዳረፉ አሳይቷል። ክፍት ሄልሜት ያንን ሲሶ ለአስፋልቱ ይተወዋል። አገጩ ወደ ላይ የሚነሳው ዓይነት ከተመረጠ ምልክቱ ላይ የላቲኑ «ፒ» መኖሩን ማየት ነው፤ አገጩ ተፈትኖ ማለፉን የሚናገረው እሱ ነው። «ኤን.ፒ.» ካለ አገጩ ለጌጥ ነው።

የመኪና ውድድር ሄልሜት ሌላ ዕቃ ነው። ይህን ማንሳት የፈለግኩት በውጭ ያሉ ዘመዶቻችን አንዳንዴ ስለሚልኩት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ቅዳሜና እሁድ መኪናውን ይዞ ሰሚት ፖይንትን ወደመሰለ የውድድር ሜዳ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሄልሜቱን የስኔል ምልክት ነው። «ኤስ.ኤ.» ለመኪና ውድድር፣ «ኤም» ለሞተር ነው። ስኔል ደረጃውን በየአምስት ዓመቱ ያድሳል፤ አዘጋጆች በተለምዶ የመጨረሻዎቹን ሁለት እትሞች ይቀበላሉ፤ ዛሬ ኤስ.ኤ. 2020 እና 2025 ናቸው። የኤስ.ኤ. ሄልሜት ውስጡ እሳት በሚቋቋም ጨርቅ የተሠራ ነው፤ መኪናው ሲገለበጥ ራስ ከብረት ዘንጉ ጋር ደጋግሞ ስለሚጋጭም ለዚያ ተጨማሪ ፈተና ያልፋል። እሳቱ የወሬ ስጋት አይደለም። ኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. በባሕሬን የሮማን ግሮዣን ፎርሙላ ዋን መኪና ለሁለት ተከፍሎ ሲነድ ነጂው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነበልባል ውስጥ ቆይቶ በራሱ ወጣ፤ በዋናነት የተቃጠሉት እጆቹ ነበሩ።

በውድድር መኪና ውስጥ ሄልሜት ብቻውን የማይበቃበት ሌላም ምክንያት አለ። ቀበቶ ደረትን አጥብቆ ሲይዝ ራስ ወደፊት ይወረወራል፤ ከነሄልሜቱ ክብደት አንገት ይጎተታል። አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት በየካቲት 2001 እ.ኤ.አ. በዴይቶና የመጨረሻ ዙር ላይ የሞተው በራስ ቅል መሠረት ስብራት ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ናስካር በዚያው ዓመት ሄልሜትን ከትከሻ ጋር የሚያስረውን የአንገት መጠበቂያ አስገደደ። ስለዚህ ለውድድር የሚገዛ ሰው መጠበቂያው የሚታሰርባቸው ብሎኖች መግቢያ ከሄልሜቱ ጎንና ጎን መኖሩን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነገር ያለው ሄልሜት ግን ቃሊቲ ላይ ለሚሠራ የደሊቨሪ ሞተረኛ አይሆንም። ኤስ.ኤ. ጠበብ ያለ የዕይታ ስፋት ይፈቅዳል፤ በሞተር ላይ ደግሞ ከጎን የሚመጣ ሚኒባስን ማየት ግድ ነው። በሌላ በኩል የሞተር ሄልሜት ለብሶ ውድድር መኪና ውስጥ መግባት ሊቀልጥ የሚችል ጨርቅ ይዞ ወደ እሳት መቅረብ ነው።

ልክ ከምልክቱ ያልተናነሰ ነገር ነው። ከቅንድብ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ራስን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካትና ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፤ እውነቱ የሚታወቀው ግን ሲደፋ ነው። አዲስ ሄልሜት ጉንጭን ጭምቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ላይ ሲገፉት ወደፊት ከተገለበጠ ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ይተዉት። አዲስ ዕቃ ስፖንጁ ከጊዜ ጋር እየለቀቀ ስለሚሄድ «ትንሽ ጠበቀኝ» የሚለው ገዢ ከ«ተመቸኝ» ባዩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከኋላ የምትቀመጥ እህት ጸጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ ሄልሜት ብትደፋበት ወይም ነጠላዋን ከሥሩ ብትጠመጥም ሄልሜቱ ከራሷ ይነሳና በምት ጊዜ ይንሸራተታል። ሹሩባው ወደታች ወርዶ ማጅራት ላይ ይሁን፤ ነጠላው ጃኬት ውስጥ ይግባ።

አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ በከተማዋ በብዛት የሚታዩት ፈቃድ ያላቸው የሥራ ሞተሮች ናቸው። የሥራ ሞተረኛ ሄልሜቱን በቀን ብዙ ጊዜ ያወልቃል፤ አያያዙም እዚህ ላይ ይበላሻል። የሞተሩ የኋላ ማሳያ መስታወት ላይ ማንጠልጠል ፎሙን ይቦረቡረዋል። ከሁሉ የሚከፋው ቤንዚን ነው። ነጩን ፎም ቤንዚን ያሟሟዋል፤ ቅርፊቱ ፕላስቲክ ከሆነም ውስጥ ለውስጥ ያሰነጥቀዋል። ግሪስ የነካውን ሄልሜት በቤንዚን ጨርቅ ወልውሎ አዲስ ያስመሰለ ሰው ውስጡን ሳያየው ገድሎታል። ለብ ያለ ውሃና ቀላል ሳሙና ይበቃዋል። የተሳቢዎቹ አቧራ የሄልሜቱን የፊት መስታወት ሲፍቀው የማታ መብራት ይበተንበታል፤ ያኔ ሙሉ ሄልሜት መግዛት ሳይሆን መስታወቱን ብቻ መቀየር ነው። ጥቁር መስታወት ለቀን ያምራል፤ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ባለው ጨለማ ውስጥ ግን እግረኛን ይሰውራል።

ፎም ሁለተኛ ጊዜ አይጨፈለቅም። አንድ ጊዜ ራስ ውስጡ እያለ አደጋ የመታው ሄልሜት ከውጭ ጭረት ባይታይበትም ሥራውን ጨርሷል። ያልተመታም ቢሆን ስኔል በአምስት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል፤ የተሠራበት ወርና ዓመት ከስፖንጁ ሥር ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ከውጭ ከመጣ ዘመድ ሻንጣ የወጣ ያገለገለ ሄልሜት ሲሰጥዎ ከማመስገንዎ ጋር አብረው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ወድቀህበት ታውቃለህ? ስንት ዓመቱ ነው? አደጋ ያየውን ደግሞ ጋራዥ ጥግ አስቀምጦ መርሳት አይበቃም፤ አንድ ልጅ አንስቶት ይደፋዋል ወይም በርካሽ ይሸጣል። ማሰሪያውን በመቀስ ከሁለቱም ጎን ቆርጦ መጣል ነው።