ከተሰባበረ ድንጋይ ክምር በታች፦ ሰው የጠፋበት ኮረብታ ታሪክ

በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ኮረብታዎች ላይ ጅረት ዳር ሣር የለበሱ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች አሉ። ብዙዎቹ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አላቸው። መንገደኛው ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ሣሩ ገለጥ ሲደረግ ግን የሚወጣው የተሰነጣጠቀ ድንጋይና የጠቆረ ከሰል ነው።

አየርላንዶች «ፉላክት ፊያ» ይሏቸዋል። እዚያ አገር ብቻ ከ7,000 በላይ ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ የነሐስ ዘመን ሰዎች ሥራ ናቸው፤ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ።

እንዴት ተፈጠሩ? ነገሩ ቀላል ነው። መሬት ተቆፍሮ ገንዳ ይሠራል፤ ጎኑ በእንጨት ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ይደገፋል፤ ውሃ ይሞላል። አጠገቡ እሳት ነዶ ድንጋይ ይግላል፤ የጋለው ድንጋይ ገንዳው ውስጥ ይከተታል፤ ውሃው ይፈላል። ድንጋዩ ግን ከእሳት ወደ ውሃ ሲገባ ይሰነጠቃል። የተሰባበረው እየወጣ ዳር ዳሩን ይጣላል። ይሄ ሲደጋገም ጉብታ ሆነ።

የፈላው ውሃ ለምን ነበር? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ አየርላንድ ውስጥ ባሊቮርኒ በተባለ ቦታ ሞክረውት ነበር። 450 ሊትር ያህል ውሃ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ፈላ። 4.5 ኪሎ የበግ ሥጋም በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በሰለ። ስለዚህ ወጥ ቤት ነው ተባለ። ችግሩ፣ ክምሮቹ ውስጥ አጥንት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ አጥንቱን በልቶት ሊሆን ይችላል። ሌሎች ደግሞ መታጠቢያ ነው፣ ቆዳና ሱፍ መሥሪያ ነው፣ ቢራ መጥመቂያ ነው ይላሉ። እኛ እንደሚመስለን አንድ መልስ መፈለጉ ራሱ ይከብዳል። አንድ ድስት ለአንድ ወጥ ብቻ አይሠራም።

ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። ዛሬ እነዚያ ኮረብታዎች ላይ በብዛት ያለው በግና ንፋስ ነው። ያኔ ግን ሰው ይኖርባቸው፣ ያርስባቸው ነበር። የእንጨት ቤቶቹ በስብሰው ጠፍተዋል። በብዙ ቦታ ዓይን የሚያየው የቀረው ምልክት ይሄው የድንጋይ ክምር ነው። ከሰሉ ደግሞ ሁለት ነገር ይናገራል፦ እሳቱ መቼ እንደነደደ፣ እንጨቱ የምን ዛፍ እንደነበረ። ዛሬ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ ድሮ ዛፍ እንደነበረው የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ግን ቆሻሻ ስለሚመስል በቀላሉ ይጠፋል። ለደን ተከላ የሚያርስ ትራክተር ወይም የውሃ መውረጃ ቦይ የሚቆፍር ማሽን በአንድ ቀን ይበትነዋል። ከተበተነ በኋላ ከሰሉን ከየት ንብርብር እንደመጣ መለየት አይቻልም። ግንብና ሐውልት ጠባቂ አያጣም። የተራ ሰው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የተጻፈው በጣለው ነገር ላይ ነው።