ጉሎ የቀመሰች አይጥ

ፍላቮኖይድ በየቅጠሉና በየልጣጩ ያለ ውህድ ነው፤ የቀይ ሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን አንዱ ነው። ተቅማጥ ያቆማል ይባላል፤ ማቆም አለማቆሙ ግን መጀመሪያ የሚታየው በአይጥ ነው። እኔም ከቅጠሉ ይልቅ ፈተናውን እወደዋለሁ።

አይጧ ከምግብ ተከልክላ ታድራለች። የቅጠሉ ጭማቂ ይሰጣታል፤ ቆይቶ ግማሽ ሚሊ ሊትር የጉሎ ዘይት። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ትቀመጥና ለ4 ሰዓት እርጥቡ ኩስ ይቆጠራል። አንዲት ቆጣሪ ተማሪ «አይሰለችሽም?» ብላት ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል በእጇ «ቆይ» አለችኝ።

ጉሎው ምጣድ የምናስስበት ያው ጉሎ ነው። ዘይቱ አንጀት ሲገባ ተፈጭቶ ሪሲኖሌይክ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ኢፒ3 በሚባል ተቀባይ በኩል የአንጀትን ጡንቻ እንደሚያኮማትር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ሲጠጣው ኖሯል። የሚገርመኝ ዝምድናው ነው፦ ጉሎና ብሳና የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። የብሳና ቅጠል እዚሁ አገራችን በዚሁ ዘዴ ተፈትኖ የአይጦቹን ተቅማጥ ቀንሷል። አንዱ ዘመድ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያቆማል። የብሳና የቅርብ ዘመድ የሆነ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ደግሞ ደም የመሰለ ፈሳሽ አለው፤ ከእሱ የወጣው ክሮፌለመር የፍላቮኖይድ ወገን ነው። ውሃ ተከትሎት ወደ አንጀት የሚፈስበትን የክሎራይድ በር ይዘጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ለኤችአይቪ ሕሙማን ተቅማጥ ፈቀደችው።

«ቅጠሉ ፍላቮኖይድ አለበት፣ ስለዚህ ያድናል» የሚሉ ጸሐፊዎች ግን ያናድዱኛል። በአንድ ቅጠል ውስጥ ስንት ነገር አለ! ሠሪው ፍላቮኖይዱ መሆኑ የሚታወቀው ተለይቶ ብቻውን ሲፈተን ነው። ደግሞም ያቺ አይጥ ጉሎ ጠጣች እንጂ ተሕዋስ አልያዛትም። ለማወዳደሪያ የሚሰጠው የተቅማጥ መድኃኒት ሎፐራሚድም ፈተናውን ያልፋል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለያዘው ሰው ግን አይሰጥም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ ተቅማጥ የያዘውን ጥጃ በእፍኝ የተቀቀለ ቅጠል ሲግተው ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ውሃና ጨውስ ሰጥተውታል?»

«አንተ ደግሞ! ውሃ እየወጣው ውሃ ልጨምርበት?»

ጥጃው ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ቆዳውን ቆንጥጬ ለቀቅኩት፤ እጥፋቱ ቶሎ አልተመለሰም። ቅጠሉን ትተን ባልዲ ፍለጋ ሄድን።