ባሌስትራ፦ የጌዴኦን ጭነት የሚሸከመው ብረት

በጌዴኦ ቡና ሲደርስ ከዲላ ወደ ወናጎና ይርጋ ጨፌ የሚመላለሱትን አይሱዙዎች ከኋላ ያየ ሰው፣ ባዷቸውን ሲሄዱ እንኳ ካሶኒያቸው ወደ ላይ የተነሣ መኪኖች ያጋጥሙታል። ምሥጢሩ ከሥር ነው፤ ባሌስትራ ተጨምሮባቸዋል። የተጨመረውም ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ነው።

ለዚህ ያበቃው ቡናው ነው። እሸት ቡና ውኃ ያዘለ ስለሆነ ይከብዳል፤ ካደረ ይቦካል። በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ጣቢያ ይግባ ሲባል መኪናው ከአቅሙ በላይ ይጫናል። መንገዱም ገር አይደለም፤ ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ቡሌ ከዚያ እጅግ ከፍ ብላ ደጋ ላይ ናት።

ባሌስትራ ከረጅም ወደ አጭር የተደረደሩ የጎበጡ ብረቶች ናቸው። ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ እንደ ካሶኒ፣ እንደ ቡሎንና እንደ ቦኮላ ከጋራዥ ቋንቋችን ጋር ተዋህዷል። ብረቶቹን መሃል ላይ አንድ ቡሎን ይወጋቸዋል፤ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ ቡሎኖች ደግሞ ከአክስሉ ጋር ጠፍረው ያስሯቸዋል። የረጅሙ ብረት ሁለት ጫፎች ተጠቅልለው ዓይን ይሠራሉ። አንዱ ዓይን ሻንሲው ላይ ይተከላል፤ ሌላው በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ይያዛል፤ ባሌስትራው ጭነት ሲጫነው ተዘርግቶ ስለሚረዝም መላወሻ ይፈልጋልና።

አሮጌ ባሌስትራ የሚፈልግ ባለመኪና አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት መለኪያ ማውጣት አለበት። ስፋቱና የመሃል ቀዳዳው ከነባሩ ጋር መግጠም አለባቸው። ውፍረቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ግትርነት የሚያድገው ውፍረቱ በራሱ፣ እንደገናም በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነውና። 10 በ10፣ እንደገና በ10 ሲባዛ 1,000 ነው፤ 12 እንዲሁ ሲባዛ 1,728። ስለዚህ በ10 ሚሊሜትር ብረት ቦታ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ የ12 ሚሊሜትር ብረት ቢገባ፣ ግትርነቱ 1.7 እጥፍ ይሆናል። በዓይን የማይለይ 2 ሚሊሜትር መኪናውን ያደርቀዋል።

ቀጥሎ ጉብጠቱ ይታያል። ከሥር የሚገባው ብረት ከላዩ ካለው በጥቂቱ ይበልጥ መጉበጥ አለበት፤ ሲታሰር የሚተቃቀፉት ያኔ ነው። ግራና ቀኙም እኩል ይሁን፤ አለዚያ መኪናው ያዘነብላል። እሳት ግን አይንካው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በልኩ ሞቆ ነው። በጋዝ ቀዳዳ ያሰፋለት ወይም የበየደው ሰው ያንን ጥንካሬ እዚያው ቦታ ላይ አጥፍቶታል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ የታጠፉትን ቡሎኖች ዳዶዎች እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው፤ ከላሉ ብረቱ በመሃል ቀዳዳው ላይ ይሰበራል።

ሾፌርም ባለንብረትም ሊያስቡት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው አልተጨመሩም። ካሶኒው ስላልወረደ ብቻ ጭነቱ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ከቡሌ ቁልቁል ሲወረድ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ነው።

ስንጥቅ የታየበት ብረት ርካሽ ቢሆንም መኪና ሥር አይግባ። ቦታው የአንጥረኛው ምድጃ ነው፤ እዚያ እሳት አይጎዳውም፣ እንደገና ይወለድበታል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የእንሰትና የቡና አገር ነው፤ በእጅ መሣሪያም ይለማል። ጭነት መሸከም ያቃተው ባሌስትራ ማጭድና ገጀራ ሆኖ ወደዚያው ጓሮ ቢመለስ፣ ለብረቱም ለሰውም የሚበጀው ያ ነው።