የተሰነጠቀ ሲኒ ኪሣራው የማን ነው?
በእጅ የሚሠሩ የሸክላ ዕቃዎች ጉድለትና ምክንያቱ

የሸክላ ዕቃ በሚነገድበት ስፍራ ሁሉ፥ ሣጥን ተከፍቶ ስንጥቅ በተገኘ ጊዜ ክርክር መነሣቱ የታወቀ ነው። ሻጩ «በመንገድ የደረሰ አደጋ ነው» ሲል፥ አጓጓዡ «ሲጫንም የተበላሸ ነበር» ይላል፤ ባለ ሱቁም በሁለቱ መካከል ቆሞ ኪሣራውን ይሸከማል። ይሁን እንጂ የተሰነጠቀው ዕቃ ራሱ ምስክር ነው። ምልክቱን ለሚያውቅ ሰው፥ ጉድለቱ መቼና በምን ምክንያት እንደ ደረሰ ይነግረዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የስንጥቁን ጠርዝ በማጉያ መነጽር መመልከት ይገባል። ልባሱ ቀልጦ ወደ ስንጥቁ ውስጥ የገባ፥ ጠርዙም የዶለዶመ እንደ ሆነ፥ ስንጥቁ ልባሱ በእሳት ከመቅለጡ በፊት የነበረ ስለ ሆነ ጉድለቱ የሠሪው ነው። ጠርዙ እንደ ምላጭ የሰላ ከሆነ ግን፥ ስንጥቁ የደረሰው ልባሱ ከጠነከረ በኋላ ነው። ይህም ወይ እቶኑ በችኰላ ስለ ቀዘቀዘ፥ ወይም ዕቃው በመንገድ ስለ ተመታ ነው። በተመታ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የተመታበት ነጥብ ይታያል፤ ስንጥቆቹም ከዚያ ነጥብ እንደ ኮከብ ጨረር ይወጣሉ። በመቀዝቀዝ የተሰነጠቀው ግን የመመታት ምልክት የለውም። ምክንያቱም በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በ573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መጠኑን በድንገት ስለሚለውጥ፥ በዚህ ሙቀት አካባቢ መቻኰል ዕቃውን ይሰነጥቀዋል።

ብዙው ስንጥቅ ግን እሳት ሳይነካው፥ በመድረቅ ላይ ሳለ የሚጀምር ነው። ጭቃ ውሃው በወጣ መጠን ይኰማተራል፤ ስሱ ከንፈር ቀድሞ ሲደርቅ፥ ወፍራሙ መቀመጫ ገና እርጥብ ከሆነ አንዱ ሌላውን ይቀድደዋል። ጆሮው ከገላው ይልቅ እርጥብ ሆኖ ከተጣበቀ መጋጠሚያው ይከፈታል። መድኃኒቱ ሁለቱን በእኩል እርጥበት ማጋጠም፥ ከዚያም ሸፍኖ ቀስ በቀስ ማድረቅ ነው። በጭቃው ውስጥ የሚጨመር የደቀቀ ገል ወይም አሸዋ ደግሞ መኰማተሩን ይቀንሳል፤ ለእንፋሎቱም መውጫ ይሰጣል። ጀበናና ድስት የእሳትን ድንገተኛ ሙቀት እንዲችሉ የሚረዳቸውም ይኸው ነው።

ጀበና ልባስ የሌለው እንደ መሆኑ፥ የሚመረመረው በሌላ መንገድ ነው። በጣት ጥፍር ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥ እንደ ሆነ ማዳመጥ፥ ቀጥሎም ውሃ ሞልቶ ማሳደር ነው። ገላው በሙሉ ጥቂት ወዝ ቢያወጣ ነውር አይደለም፤ ውሃው በአንድ መስመር ከወጣ ግን ስንጥቅ አለበት። ከተገዛ ከሳምንታት በኋላ ገላው እየተፈነቀለ፥ በጐድጓዳው ውስጥ ነጭ ነጥብ የሚታይበት ዕቃም አለ። ይህ በጭቃው ውስጥ የቀረ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ነው፤ በእሳት ተቃጥሎ ኖራ ከሆነ በኋላ የአየሩን እርጥበት እየሳበ ያብጣል። መከላከያው ጭቃውን በደቃቅ ወንፊት ማጥለል ነው።

በጀሶ ቅርጽ የሚወጡ ዕቃዎች የራሳቸው ችግር አላቸው። ጀሶው የፈሳሹን ጭቃ ውሃ ስለሚመጥ፥ ጭቃው በቅርጹ ውስጥ በቈየ መጠን ግድግዳው ይወፍራል። አንድ ዐይነት ሲኒዎች በሚዛን ሲለያዩ፥ ሠሪው ሰዓቱን እንዳልጠበቀ ወይም በረጠበ ጀሶ እንደ ሠራ መጠርጠር ይቻላል። ውሃ የበዛበት ጭቃም ከመጠን በላይ ይኰማተራል። ስለዚህ ጥቂት ሶዲየም ሲሊኬት ተጨምሮበት በጥቂት ውሃ እንዲፈስ ይደረጋል፤ የአንድ ሊትሩም ክብደት ብዙ ጊዜ ከ1.75 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሳይረጋ በችኰላ የተቀዳ ጭቃ አየር ይዞ የመርፌ ቀዳዳ ያወጣል።

በልባስ ላይ የሚታየው ዋናው ጉድለት እንደ ሸረሪት ድር ያለው ስንጥቅ ነው። ይህም ልባሱ ሲቀዘቅዝ ከገላው ይልቅ ስለሚኰማተር የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ልባሱን በማወፈር አይድንም፤ የልባሱ ቅመም ሲሊካ ተጨምሮበት መስተካከል አለበት። ነጋዴው በዕቃው ላይ ቀለም ቀብቶ ቢጠርገው፥ ዐይን የማያየው ስንጥቅ ይገለጥለታል። ልባሱ ሸሽቶ ገላውን ባዶ የተወበት ዕቃ፥ አቧራ ወይም ቅባት ነክቶት፥ አለዚያም ልባሱ በዝቶበት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን በዐይን የማይታየው እርሳስ ነው። እርሳስ ያለበት ልባስ በደንብ ሳይበስል ከቀረ፥ ኮምጣጣ ምግብ ሲነካው መርዙን ይለቃል። በኢሶ 6486 ደረጃ መሠረት፥ ዕቃው 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ተሞልቶበት በ22 ዲግሪ ሙቀት ለ24 ሰዓት ከቈየ በኋላ የለቀቀው እርሳስ ይለካል። የምግብ ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ የዚህን ምርመራ ማስረጃ መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ ውል ሲፈረም ናሙና ማስቀመጥ፥ የሚፈቀደውን ጉድለት በጽሑፍ መወሰን፥ ሣጥኑም ሲደርስ በአጓጓዡ ፊት ከፍቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል። ነጋዴውም ከሠሪው የሚጠይቀውን ቀን ይመዝን። ለመስከረም በዓላት የሚፈለግ ዕቃ በክረምት መድረቅ ይኖርበታል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ በቶሎ አይደርቅም። ዘግይቶ አዝዞ ሠሪውን የሚያስቸኵል ነጋዴ፥ በኋላ የሚከራከርበትን ስንጥቅ አስቀድሞ ራሱ አዝዞታል።