መቀመጫ ሲጨመር ድርሻዋ የቀነሰ ግዛት

እ.ኤ.አ. ከ1880 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በኋላ፣ የቆጠራው ቢሮ ዋና ጸሐፊ ሲ. ደብሊው. ሲተን የተወካዮች ምክር ቤትን መቀመጫ ለየግዛቱ ሲያሰላ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። ምክር ቤቱ 299 መቀመጫ ቢኖረው ለአላባማ 8 ይደርሳታል፤ 300 ቢኖረው ግን 7 ብቻ። ስሌቱ ደጋግሞ ቢታይም ትክክል ነበር። ችግሩ ያለው ዘዴው ላይ ነው።

ዘዴው የአሌክሳንደር ሃሚልተን ነው። ለእያንዳንዱ ግዛት የድርሻውን ሙሉ ቁጥር ይሰጥና የተረፈው መቀመጫ ትልቅ ክፍልፋይ ላለው ይታደላል። የ6፣ የ6 እና የ2 ሚሊዮን ሕዝብ ያላቸው ሦስት ግዛቶች 10 መቀመጫ ይካፈሉ እንበል። ድርሻቸው 4.29፣ 4.29 እና 1.43 ነው። አንድ መቀመጫ ይተርፋል፤ ትልቁ ክፍልፋይ የትንሿ ስለሆነ 2 ታገኛለች። መቀመጫው 11 ሲሆን ድርሻው 4.71፣ 4.71 እና 1.57 ይሆናል። የተረፉትን ሁለቱን ትልልቆቹ ይወስዳሉ፤ ትንሿ ወደ 1 ትወርዳለች። መቀመጫ በተጨመረ ቁጥር የትልቅ ግዛት ድርሻ በፍጥነት ስለሚያድግ ክፍልፋዩ የትንሿን ሊያልፍ ይችላል።

ቶማስ ጀፈርሰን ያቀረበው ሌላ መንገድ ነበር፦ የእያንዳንዱን ግዛት ሕዝብ ለአንድ የጋራ አካፋይ አካፍሎ ክፍልፋዩን መጣል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1792 የሃሚልተንን ድልድል ውድቅ ሲያደርግ፣ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ቬቶ ሆነ፤ በምትኩም በዚያን ጊዜ የጀፈርሰን ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ዘዴ መቀመጫ ሲጨመር አካፋዩ ያንሳል፤ አካፋይ ሲያንስ ደግሞ የማንም ድርሻ አይቀንስም። ግን ለትልልቆች ያደላል። ከ1830 ቆጠራ በኋላ ኒውዮርክ 38.59 ሲገባት 40 ወሰደች።

ታዲያ ከእንከን ሁሉ የጸዳ ዘዴ የለም? የሒሳብ ሊቃውንቱ ሚሼል ባሊንስኪ እና ፔይተን ያንግ እንደሌለ አረጋግጠዋል። ምንጊዜም ከድርሻው ወሰን፣ ማለትም ድርሻው ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሲጠጋጋ ከሚገኘው ሙሉ ቁጥር፣ የማይወጣ ዘዴ ሁሉ፣ የሕዝብ ቁጥር ሲለዋወጥ በሆነ አጋጣሚ እያደገ ካለ ግዛት ነጥቆ ለሚመናመነው ይሰጣል።

ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። እኔ የዳንኤል ዌብስተርን እመርጣለሁ፦ አካፍሎ፣ ከግማሽ በላይ የሆነውን ወደ ላይ፣ ያነሰውን ወደ ታች ማጠጋጋት። ለትልቅም ለትንሽም አያዳላም። አሜሪካ ግን ከ1941 ጀምሮ የሃንቲንግተንና ሂልን ዘዴ ትጠቀማለች። በዚህ ዘዴ ከ1 ወደ 2 መቀመጫ ለመሻገር 1.5 ሳይሆን 1.41 ይበቃል፤ ትንንሾቹን በጥቂቱ ይደግፋል።

ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን በ2020 ቆጠራ ኒውዮርክ 89 ሰው ብቻ ቢጨመርላት ኖሮ፣ ያጣችውን አንድ መቀመጫ ባላጣች ነበር።