ጦስኝ፤ ከደጋ ተራራ እስከ ጋምቤላ ሱቅ

ጦስኝ የደጋ ተክል መሆኑ የታወቀ ነው። በባሌ፥ በሸዋ፥ በወሎ፥ በጎንደርና በትግራይ ተራሮች ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ በዱር ይበቅላል። የጋምቤላ ከተማ ግን በባሮ ወንዝ ዳር፥ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ስለ ሆነች፥ ባለሱቁ ሊሸጠው የሚችለው ጦስኝ ደርቆ ከደጋ የሚመጣው ነው። ቀድሞ የጎሬ ቡና ወደ ባሮ ወደብ በሚወርድበት አቅጣጫ፥ ዛሬ የደጋ ቅመም በመኪና ይወርዳል። ስለዚህ ይህ ሸቀጥ እንዴት እንደሚገዛና እንደሚጠበቅ ማወቅ ለነጋዴው የትርፍና የኪሣራ ጉዳይ ነው።

የእጽዋት ሊቃውንት በአገራችን ሁለት የዱር ጦስኝ ዓይነቶች እንዳሉ ያስረዳሉ። አንደኛው ቲሙስ ሺምፔሪ፥ ሁለተኛው ቲሙስ ሰሩላቱስ ይባላል። በብልቃጥ ታሽጎ ከውጭ አገር የሚገባው ግን ትውልዱ ከሜድትራኒያን ባሕር ዳርቻ የሆነ፥ የእነዚህ ዘመድ ነው።

የጦስኝ ዋጋ ያለው በቅጠሉ ውስጥ ባለው ዘይት ነው። መዓዛውን የሚሰጡት በዘይቱ የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ይህ ዘይት በሙቀትና በነፋስ ይተናል፤ እርጥበት ደግሞ ቅጠሉን ያሻግተዋል። በጋምቤላ ሁለቱም ጠላቶች አሉ፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፥ ቀጥሎም ክረምቱ ይገባል። እንግዲህ ጦስኝን በጆንያ ከፍቶ በፀሐይ ላይ ማስጣት ገንዘብን ለነፋስ እንደ መስጠት ይቆጠራል። የሚሻለው ጥቂት በጥቂት እየገዙ፥ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ከተው በጥላ ማኖር ነው። ሲገዙም ቅጠሉን በጣት አሽቶ ማሽተት ይገባል፤ ቶሎ የማይሸት ከሆነ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው።

ጦስኝ ለበርበሬ፥ ለሽሮና ለሻይ የሚውል ቅመም ነው፤ ለባሮ ዓሣም ይስማማል። በባህል ሕክምና ለሳልና ለጉንፋን፥ እንዲሁም ለደም ግፊት ይጠጣል። ሆኖም ባለሱቁ ቅመም ሻጭ እንጂ ሐኪም ስላልሆነ፥ ደንበኛው በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲተው መምከር አይገባውም።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የምንጩ ነገር ነው። ብዙ ለቃሚዎች ጦስኝን ከነሥሩ ስለሚነቅሉት፥ በተነቀለበት ስፍራ መልሶ አይበቅልም። ሥሩ ሳይነካ በማጭድ የታጨደው ግን ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። በደጋ ያሉ ገበሬዎችም ግንዱን ከፋፍለው በጓሮአቸው ሊተክሉት ይችላሉ። ስለዚህ ነጋዴ ከነሥሩ የመጣውን ትቶ የታጨደውን ቢመርጥ፥ አፈርና ሥር በሚዛን ከመግዛት ይድናል፤ የነገ ንግዱንም ይጠብቃል።