«መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ይግዙ»፦ የጤና መድን ክፍያ ሲዘገይ አረጋውያን ላይ ምን ይደርሳል?

 

«ዶክተር፣ አባቴ የጤና መድን አለው። በየዓመቱ እየከፈለ ያድሳል። ታዲያ ለምንድን ነው ሁልጊዜ መድኃኒት ከውጭ ግዛ የሚባለው?» ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖሩ፣ ወላጆቻቸው ግን ገጠር የቀሩ ልጆች ናቸው። እኔም ከመሐል ሜዳ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚመጡ አረጋውያንን ስለማክም ጥያቄው አዲስ አይሆንብኝም። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። መድኑ ለጤና ተቋሙ መክፈል ያለበትን ገንዘብ ሲያዘገይ ወይም ቀንሶ ሲከፍል፣ ጉድለቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የመድኃኒት መደርደሪያው ላይ ነው። መደርደሪያው ሲራቆት ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው፤ እሱም በአብዛኛው አረጋዊ ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሙከራ ነበር። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ያኔ በክልሉ አንድ አባወራ በዓመት የሚያዋጣው 144 ብር ነበር። የፌዴራሉ መንግሥትም አባላት ካዋጡት ላይ 25 በመቶ ይደጉም ነበር። መድኑ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲሰፋ ይህ ድጎማ ወደ 10 በመቶ ወረደ። መዋጮው በበኩሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ እጥፍ ጨምሯል። መክፈል የማይችሉት፣ በቀበሌ «የድሃ ድሃ» ተብለው የሚመዘገቡት፣ መዋጯቸውን ክልልና ወረዳ ይሸፍኑላቸዋል ተባለ።

አሠራሩ ምን ይመስላል? ታካሚው መታወቂያውን ያሳያል፣ ይመረመራል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ በእጁ ምንም አይከፍልም። ጤና ተቋሙ ያወጣውን ወጪ መዝግቦ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ሂሳብ ያቀርባል። ሂሳቡ ኦዲት ይደረጋል። ፊርማ የጎደለው፣ ማዘዣ ወረቀት ያልተያያዘበት ይቀነሳል፤ የቀረው ይከፈላል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ ቋቱ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ፣ ለድሃ ድሃዎቹ የተመደበው ድጎማ ከዘገየ፣ ወይም ጤነኛው «አልታመምኩ፣ ምን አስቸኮለኝ» ብሎ ሳያድስ ቀርቶ የታመመው ብቻ ከታደሰ፣ ክፍያው ወራት ይፈጃል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሩን ለማስረዳት ያህል ነው የምጠቀመው። ሆስፒታሉ የ100 ብር መድኃኒት ለመድን ታካሚ ሰጠ እንበል። ብሩ ከስድስት ወር በኋላ ሙሉ በሙሉ ተመለሰለት። በዚያ ጊዜ ግን ያ መድኃኒት 150 ብር ገብቷል። ስለዚህ ሦስት እሽግ ይሰጥበት በነበረው ገንዘብ አሁን የሚገዛው ሁለት ብቻ ነው። አንድ ሳንቲም ሳይቀነስበት ሲሶው ተቀነሰ ማለት ነው! ይህ ተረት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብዙው መድኃኒታችን ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። በዚያ ሰሞን ሂሳቡ ያልተከፈለው ጤና ተቋም ምን እንደገጠመው መገመት አያዳግትም።

በዚህ ጉዳይ ሌሎቹም አገሮች ሰላም አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ለሐኪሞች የሚከፍለውን እ.ኤ.አ. በ2025 በ2.83 በመቶ ቀንሷል። እዚያ ክርክሩ «ክፍያው እንዲህ እየቀነሰ ሐኪሙ አዲስ የሜዲኬር ታካሚ ይቀበላል ወይ?» የሚል ነው። እኛ ዘንድ በመንግሥት ተቋም የሚሠራው ሐኪም ደመወዙን ከመድኑ አያገኝም፤ ስለዚህ በሩን አይዘጋም። ሐኪሙ አለ፣ ካርድ ክፍሉ አለ፣ ምርመራው አለ። ሁሉንም አልፈው የመድኃኒት መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «የለም» ይባላሉ። ለእኔ ይህኛው የከፋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ታካሚው «ታከምኩ» ተብሎ ይመዘገባል።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት አስታውሳለሁ። ግፊታቸውን ስለካ 200 በ110።

«አባባ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ እንጂ ልጄ።»

«በየቀኑ?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ቀን እየዘለልኩ ነው። ሠላሳዋን ፍሬ ለሁለት ወር አብቃቅቻት።»

«ምነው?»

«ያለፈው የለም አሉኛ! በግ ሸጥኩና ከውጭ ገዛሁ። ሌላው በግ ገና ግልገል ነው፤ እሱ እስኪደርስ ብዬ ነው።» ከዚያ ከበርኖሳቸው ስር በላስቲክ የተጠቀለለች የመድን መታወቂያ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት። «ይቺ ታዲያ ለምኔ ናት?»

መንዝን ለማታውቁት፦ መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። የገበሬው ሀብት ገብስና በግ ነው። በጥሬ ገንዘብ በየወሩ የሚገባ ነገር የለም። የግፊት ክኒን ግን በየወሩ ያልቃል። ተቋሙ ውስጥ ያልተገኘውን ፍለጋ እስከ ደብረ ብርሃን የሚወርድ አረጋዊ ለመኪናው ይከፍላል፣ አስከትሎት ለሚሄደው ልጅ ይከፍላል፣ ካመሸ ለአልጋ ይከፍላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን መኖሩን ደግሞ ጨምሩበት። ክኒኑ ራሱ ከሁሉም ርካሹ ወጪ ሆኖ ቁጭ ይላል።

እናላችሁ አረጋዊው የሚያደርገው ምንድን ነው? ማብቃቃት። ክኒን ለሁለት መክፈል፣ ቀን መዝለል፣ ከጎረቤት መበደር፣ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ መተው። የደም ግፊት አያምም፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። የሚያምመው አንድ ማለዳ አፍ ሲጣመም፣ ቀኝ እጅና እግር አልታዘዝ ሲል ነው። ስትሮክ ከመጣ በኋላ ያ ቤተሰብ የሚከፍለው ከበግም ያልፋል። ብዙ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ አስታማሚ የምትሆን የልጅ ልጅ አለች። ይህን ወጪ ማንም ኦዲተር አይመዘግበውም።

አሁን ወደ ሚጠቅማችሁ ነገር ልግባ።

«የለም» ስትባሉ ወዲያው አትውጡ። ወደ ሐኪሙ ተመለሱና «በዚህ ምትክ የሚሆን፣ እዚሁ ያለ መድኃኒት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለግፊት አምሎዲፒን ቢጠፋ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሊኖር ይችላል። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ኩላሊትና ሌላ በሽታ ይታያላ። በራሳችሁ ግን እንዳትቀይሩ።

በድንገት ከተቋረጡ አደጋ የሚያመጡ መድኃኒቶች አሉ። ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን። ቤት ውስጥ ያለው ገንዘብ ለአንድ መድኃኒት ብቻ የሚበቃ ከሆነ የትኛው እንደሚቀድም ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት። «ገንዘቤ ይህን ያህል ነው» ማለት ነውር አይደለም። እኛ ሐኪሞችም ሳንጠየቅ ብንጠይቅ ጥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን አንጠይቅም።

መድኃኒቱ ከታጣ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም አስመቱ። ከገዛችሁም ደረሰኙን አስቀምጡ። መድኑ ከሌላ ፋርማሲ ጋር ውል ይዞ ወይም የተገዛበትን ገንዘብ የሚመልስበት አሠራር ካለው ያለዚያ ወረቀት ማንም አያናግራችሁም። መድኃኒቱ በተገኘበት ቀን ደግሞ ግፊታቸው ወይም ስኳራቸው የተረጋጋ ከሆነ የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲታዘዝላቸው ጠይቁ። አንድ ጉዞ ቀነሰ ማለት ነው።

መድኑ የማይሸፍናቸው እንዳሉም እወቁ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይካተቱም። (ለሽማግሌ ሰው ከነዚህ የበለጠ ምን እንደሚያስፈልገው ጥቅሉን ያወጣው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።) ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድም ከኪስ ሊያስከፍል ይችላል።

ልጆች ሆይ፣ ከአዲስ አበባም ከውጭም ያላችሁ፦ መድኃኒት ገዝታችሁ ከመላካችሁ በፊት የማዘዣውን ፎቶ አስልካችሁ ስሙንና ሚሊግራሙን አረጋግጡ። በንግድ ስሙ የተለየ፣ በውስጡ ግን አንድ ዓይነት የሆነ መድኃኒት ደርቦ የሚወስድ ሰው በተደጋጋሚ ይገጥመኛል። በደንብ የተጠቀለለ ስጦታ መስሎ ሄዶ ግፊቱን አውርዶ ይጥላቸዋል።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር አለኝ። ማዘዣው ላይ የጎደለች ፊርማ፣ ያልተጻፈ የበሽታ ስም፣ በኦዲት ጊዜ ሂሳቡን ታስቀንሳለች። ሥራው እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፣ እኔም ከዚያው ነኝ። ግን ያቺ የተቀነሰች ብር የሚቀጥለው ወር አምሎዲፒን ነበረች።

መድኑ ራሱ አይረባም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። መድን ባይኖር እኚያ አባት ከመጀመሪያውም አይመረመሩም ነበር። የምለው፣ ድጎማው በጊዜው ካልገባና ክፍያው የመድኃኒት ዋጋን ካልተከተለ መታወቂያው ላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል ነው። ይህን ደግሞ የወረዳና የክልል ባለሥልጣናት በበጀት ሰሞን ከሕዝብ አፍ መስማት አለባቸው፤ ከሐኪም ብቻ ሲሰሙት «የደመወዝ ጥያቄ ነው» ይሉታል።

መታደሻው አብዛኛውን ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ ስለሆነ የወላጆቻችሁን መታወቂያ ቀን ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ። መክፈል የማይችል ጎረቤት ካላችሁ ስሙ በቀበሌው የድሃ ድሃ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡለት። ዝርዝሩ አንዴ ከተዘጋ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል።